ከሀገር ቤት የመጣው ክኒን

ይህ ታሪክ ለመጻፍ የሚበቃ መሆኑን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ የታሰረም የለም። ክኒኑን የሠራውን ሰው እኔ አይቼው አላውቅም፤ ያየው ሰው ቢኖርም አልነገረኝም። ነገሩ ያለቀውም በአንድ ግቢ ውስጥ በሚኖሩ ጥቂት ሰዎች መካከል ነው። ቢሆንም ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር አስታወሰኝና፣ እንዳይጠፋብኝ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው ወሰንኩ።

የመጀመሪያ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ። በመጀመሪያ የጀመርኩት ካርቱም ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርቱም ማስረጃውም እዚያው ቀረና አሁን ጎንደር ውስጥ፣ ከእኔ ብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር እንደገና ከሀ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት መምህራችን ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ ይዞ ገባ። አንድ ክኒን ከነማሸጊያው መሣሪያው አፍ ላይ አስጠጋ፤ ትንሽ ብርሃን በራ፤ ወዲያው የመድኃኒቱ ስም በመስታወቱ ላይ ወጣ። ሌላ ክኒን አስጠጋ፤ ቀይ ምልክት መጣ። ፎርጅድ ነው ማለት ነው። ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህሩ «ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እጄን ግማሽ ድረስ አንስቼ መልሼ አወረድኩት። የጽጌን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር አይቻልም።

ካርቱም ውስጥ የምንኖረው ዴም በሚባል ሰፈር ነበር። በአንድ ሰፊ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን ግቢ እዚያ ሆሽ ይሉታል። በመካከሉ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ከቧንቧው አጠገብ ሁሉም የሚቀዳበት በብረት ማስቀመጫ ላይ የቆመ ትልቅ የሸክላ ጋን፣ ጥግ ላይ የኒም ዛፍ ነበር። እኔና እናቴ በር አጠገብ፣ ጽጌ ከእኛ ቀጥሎ ነበረች። ወደ ሠላሳ የምትጠጋ፣ ቀጭን፣ ስትሠራ የምታንጎራጉር ሴት ናት፤ ከግቢው ጥቂት በሮች አልፎ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበረች። እዚያው ካርቱም ተወልጄ በማደጌ በአማርኛዬ ትስቅብኝ ነበር። «ያንቺ አማርኛ እንደ ታክሲ ነው፤ በየፌርማታው አንድ አረብኛ ይሳፈርበታል» ትለኝ ነበር።

ጽጌ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በተወለደችበት ገጠር ሰው እንዳያያት ጓዳ ውስጥ ያቆዩዋት እንደነበር አንዴ ነግራኛለች፤ ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ድምጿም አልተለወጠም። ካርቱም ከመጣች በኋላ ሐኪም ካርባማዜፒን የሚባል ክኒን አዘዘላትና በሽታው ቆመ። ለዓመታት አልወደቀችም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከቤቱ ባለቤት ከእትዬ ብርቅነሽ በስተቀር በሽታዋን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብዙ ሰው ስለ ካርቱም ሙቀትና አቧራ ያማርራል። ለጽጌ ግን የማትወድቅበት ከተማ ነበረች።

መጀመሪያ ክኒኑን የምትገዛው መንገድ ዳር ካለው ሰይደሊያ፣ ማለትም ከመድኃኒት ቤቱ፣ ነበር። በዚያ ዓመት መድኃኒት እየጠፋ ሲሄድ ጋሼ መኮንን ያመጡላት ጀመር። ጋሼ መኮንን ትንሽ አይሱዙ መኪና አላቸው። ድንበሩ ላይ እስካለችው ገላባት ድረስ ነድተው፣ መኪናቸውን አቁመው ድልድዩን በእግር ይሻገሩና ከመተማ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጧፍ፣ ነጠላ ገዝተው ይመለሳሉ። በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ትቆማለች፤ ሰውም ይከባታል። ሴቶቹ በርበሬውን በጣታቸው አሽተው፣ አፍንጫቸው ድረስ አቅርበው፣ አንዳንዴም ምላሳቸው ላይ አድርገው ነበር የሚገዙት። በሽሮው ላይ ክርክር ይነሣል። የመድኃኒቱን ካርቶን ግን ከፍቶ ያየ ሰው አላስታውስም። ከሀገር ቤት የመጣ መድኃኒት ነው፤ ያመጡትም ጋሼ መኮንን ናቸው፤ በቃ።

ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው በሐምሌ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ። እትዬ ብርቅነሽ ጎትታ ባታወጣት ትቃጠል ነበር። ያን ጊዜ የዝናቡ ወራት ገብቶ ነበር፤ የዴም መንገዶች ጭቃ ሆነው ረክሻ የሚባሉት ባለ ሦስት እግር መኪኖች በየመታጠፊያው ይሰምጣሉ፤ አየሩም እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ተባለ። ሁለተኛ ስትወድቅ ሌላ ምክንያት ተገኘ። ጋሼ መኮንን ዘግይተው በነበረ ጊዜ ጽጌ ከሰይደሊያው አንድ ማሸጊያ ክኒን ገዝታ ነበር። የግቢው ሰው ሁሉ «በቃ! የዚህ አገር መድኃኒት ነው፤ ደህናውን አበላሸባት» አለ። ጽጌም የሰይደሊያውን ትራፊ በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችና የሀገር ቤቱን ብቻ መዋጥ ቀጠለች። ባሰባት።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ጽጌ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውሃም አትቀምስም ነበር፤ ክኒኗንም የምትወስደው ከዚያ በኋላ ነው። ስትወድቅ እንግዲህ ጥፋቱ የጾሙ ሆነ። ክሊኒክ ያያት ሱዳናዊ ሐኪምም መጾሟን ሲሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ ጾሙን አቁሚ ብሎ ሸኛት። የንስሐ አባቷ የታመመ ሰው እንዲበላ ፈቅደው፣ ይልቁንም ተቆጥተው፣ ነገሯት። እያለቀሰች መብላት ጀመረች፤ ክኒኑንም ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ዋጠች። በዚያው ሰሞን እንደገና ወደቀች።

ወንድሟ ግርማ ከጀሪፍ መጣ። ጀሪፍ ከዓባይ ዳር የጡብ ምድጃዎች ላይ ነው የሚሠራው፤ በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ሥራ የለም። ጨካኝ ሰው አይደለም። እጁ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ እያሻሸ በራችን ላይ ቆሞ ለእናቴ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«እሳት ላይ ብትወድቅስ? እኔ እሳት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አገሯ ትግባ። ጸበል አለ፣ እናታችን አለች።»

«እዚያ ምን ትሆናለች?» አለች እናቴ።

«ትኖራለች።»

ጽጌ ክፍሏ ውስጥ ሆና ሰምታዋለች። «ጓዳ ውስጥ» አለች፤ ጮክ ብላ አልነበረም።

ጋሼ መኮንን በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ መተማ ይነሣሉ። ግርማ የመኪናቸው ጋቢና ውስጥ ቦታ ያዘላት። እስከዚያ ካልወደቀች ትቅር፣ አንዴ እንኳ ብትወድቅ ትሄዳለች ተብሎ ተወሰነ።

እኔ እንደማንኛውም ሰው የሰይደሊያው ክኒን ነው ብዬ አምን ነበር። ጥያቄ የሆነብኝ ግን ጾሙም ቆሞ፣ የሰይደሊያውም ክኒን ቀርቶ ለምን ወደቀች የሚለው ነው። በፋርማሲ ትምህርት ቤታችን ኡስታዛ ሱዓድ የምትባል መምህርት ነበረች። ለምርምሯ ከየገበያው መድኃኒት እየገዛች ትመረምራለች፤ የምትሠራባቸው ዕቃዎች በሁለት የብረት ሻንጣዎች ውስጥ ነበሩ፤ ካስፈለገ መኪና ላይ ተጭነው የትም የሚሄዱ ናቸው። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ብርጭቆዎቿን አጥብላት ነበር። ከጽጌ ሁለቱንም ዓይነት ክኒን ተቀብዬ ሄድኩ።

«ኡስታዛ፣ ክኒን ይዤ መጥቻለሁ» አልኳት።

«ታመምሽ?»

«አይ፣ ክኒኑ ሳይታመም አይቀርም።»

ቀልዴን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ያላ፣ ቁጭ በይ። ማን እንደሚውጠው ንገሪኝ» አለች።

አሠራሩን እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልጻፍ፤ ቀላል ነው። መጀመሪያ ክኒኖቹ ይፈጩና በአልኮል ይሟሟሉ። ከዚያ በነጭ ዱቄት የተለበጠ፣ ከፖስት ካርድ የሚያንስ ሳህን ይወሰዳል። ከግርጌው በእርሳስ መስመር ይሰመርና በመስመሩ ላይ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሦስት ነጠብጣቦች ይደረጋሉ፦ አንደኛው ኡስታዛ ያላት የታወቀ ንጹሕ ካርባማዜፒን፣ ሁለተኛው የሰይደሊያው፣ ሦስተኛው የሀገር ቤቱ። ሳህኑ ከሥሩ ትንሽ ፈሳሽ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ይቆማል፤ ማሰሮው ይከደናል። ፈሳሹ ልክ ጋዝ በኩራዝ ክር ላይ እንደሚወጣ ሳህኑን እያራሰ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ ያገኘውንም ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ ነገር የሚቆምበት የራሱ ከፍታ አለው። አንድ ዓይነት የሆኑ ነገሮች እኩል ይቆማሉ።

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በካርቱም እንግዳ ነገር አይደለም። መስኮቱን ከፍተን ፈሳሹ እስኪወጣ ጠበቅን። የአልኮሉ ሽታ ውጭ ከሚጠበሰው ታዕሚያ ከሚባል የባቄላ ጥብስ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። ሳህኑ ሲደርቅ በባትሪ የሚሠራውን መብራት አበራችና በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነን አየን። ሳህኑ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። አንደኛው ነጥብ እንደ ጥቁር ጥላ መካከል ላይ ቆሟል። ሁለተኛው፣ የሰይደሊያው፣ ከጎኑ እኩል ነው። በሦስተኛው መስመር ላይ በዚያ ከፍታ ምንም አልነበረም። ወደ ታች ወረድ ብሎ ግን ሌላ ጥላ ነበር።

«አገላብጬው ነው» አልኩ ወዲያው። «ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አዛውሬ ይሆናል።»

ኡስታዛ በእርሳስ የጻፍኩትን ምልክት አየች። «አላዛወርሽም። ግን አንድ ክኒን ወሬ ነው። ሌላ ፍጪ» አለችኝ።

ሌላ ፈጨሁ፤ ከሌላ ማሸጊያ። እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሳህን ላይ ኡስታዛ ከመሳቢያዋ ፓራሲታሞል አምጥታ ከጎኑ ጠብ አደረገችው፤ ታችኛው ጥላ ከእሱ ጋር እኩል ቆመ። ጽጌ ለሳምንታት ስትውጥ የቆየችው የራስ ምታት ክኒን ነበር። ኡስታዛ በዚያው ቀን የምታውቀው ሐኪም ዘንድ ጽጌን ይዤ እንድሄድ ላከችኝ፤ ከሆስፒታል ፋርማሲም ትክክለኛውን መድኃኒት አገኘን። «ወዲያው ለውጥ አትጠብቁ» አለችን ኡስታዛ። «ደሟ ውስጥ እስኪሞላ ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ ልትወድቅ ትችላለች።»

ሐሙስ ደግሞ ቅርብ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጋሼ መኮንን መኪና ሄድኩ። ለብቻቸው ላገኛቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን እሳቸው ለብቻቸው የሚሆኑ ሰው አይደሉም።

«ጋሼ፣ የጽጌ ክኒን ውስጥ መድኃኒቱ የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«የራስ ምታት መድኃኒት ነው።»

«ማን አለ?»

«መረመርነው። መምህሬና እኔ።»

በርበሬ የምትመዝን አንዲት ሴት ቀና አለች። «ዶክተሯ ተመረቀች እንዴ? እልል እንበል?» ሰው ሳቀ። ከኋላዬ ሌላው «ለሰይደሊያው ነው የቆመችው፤ እዚሁ ተወልዳ የለ!» አለ። ፊቴ ጋለ። ደህና አማርኛ መናገር ስፈልግ አረብኛው ብቻ ነበር የሚመጣልኝ።

ጋሼ መኮንን አልሳቁም። ከሸሚዛቸው ኪስ የራሳቸውን የደም ግፊት ክኒን አወጡና ፊቴ ላይ ያዙት። «እኔም የምውጠው መተማ ላይ ከዚያው ሰው የገዛሁትን ነው፤ ገባሽ? ከዚያው ከረጢት! እንግዲህ ሞቼ ነው የቆምኩት?»

«አንዱን ይስጡኝና እናየዋለን» አልኳቸው።

ሰጡኝ፤ ይመስለኛል ሊያሳፍሩኝ ፈልገው ነው። በማግስቱ ኡስታዛ ጋ ወሰድኩት። ትክክለኛ ነበር። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ወደ ቤታቸው እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ፉል ሊበሉ በዘይት እያሹ ነበር። ነገርኳቸው። ዳቦውን አስቀመጡት።

«የእኔ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«የእሷ ግን አይደለም።»

«አይደለም።»

«ለእኔ ደህናውን ሰጥቶኝ...» ብለው አልጨረሱትም። ከዚያ ተነሥተው ከመኪናው ላይ የቀረውን የመድኃኒት ካርቶን በሙሉ አወረዱ። ለሸጡላቸው ሰዎችም ቤት ለቤት እየዞሩ «እሱን አትዋጡ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ» ሲሉ ዋሉ። አንዳንዱ እሳቸውንም አላመናቸውም። አንዲት ሴት «የአረብ ወሬ ይዘው መጡብኝ?» አለቻቸው ይባላል።

ጽጌ በረቡዕ ቀን ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቧንቧው አጠገብ፤ ግንባሯ የጋኑን ብረት ማስቀመጫ መታ። አዲሱን ክኒን ከጀመረች ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ይህን ለግርማ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ደሟ፣ ስለ ቀናቱ፣ ስለ አረንጓዴው ሳህን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «እኅቴ፣ ተምረሻል፣ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «ነገ ትሄዳለች።»

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ነበር። አይሱዙዋ በጭቃው መካከል ሞተሯ በርቶ ቆማለች። ግርማ የጽጌን ሻንጣ ትከሻው ላይ አድርጎ ደረሰ፤ ጽጌ ግንባሯ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ከኋላው ቆመች። እኔና እናቴ ከበሩ አልወጣንም።

«ጋሼ፣ ክፈቱልን» አለ ግርማ።

«ሞልቷል» አሉ ጋሼ መኮንን ከመሪው ኋላ።

ግርማ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ። «ባዶ ነው እኮ።»

«ሞልቷል አልኩህ።»

«ማን አለበት? እኔ ምንም አላይም!»

«መኪናው የማን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ ያመጣሁባት ነገር ገና ከሰውነቷ አልወጣም። እሱን ሳታወጣ እዚያ ጥያት አልመጣም። እስክመለስ እዚህ ትጠብቀኝ። ያላ፣ ከጎማው ራቅ በል፤ ጭቃ እረጭብሃለሁ።»

ረጩበትም። መኪናው እየተንገዳገደ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ ግርማ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ሌላ መኪና ማግኘት ይችል ነበር፤ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ በየቀኑ አለ። ያን ጊዜ ያን የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። ጽጌ ግን «ቁርስ በልተሃል?» አለችው።

«ጾም ነው።»

«እኔ አልጾምም፣ አባ ፈቅደውልኛል። ና፣ ስበላ ቁጭ በልና እየኝ።»

ገብቶ ቁጭ ብሎ አያት። ሻንጣዋን በራሷ ክፍል ጥግ ነበር ያስቀመጠው።

ጋሼ መኮንን ሲመለሱ ያንን ሰው መተማ ውስጥ ፈልገው እንዳላገኙት ነገሩን። ከረጢቱን ይዞ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ጫማ ይሸጥ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ጭነው አያውቁም። ከመኪናው ወርደው መጀመሪያ ያነሡት ግን ይህን አልነበረም። «ወደቀች?» ነበር ያሉት። ግርማ ነው የመለሰላቸው።

አሁን ይህን ስጽፍ ያ ሰሞን ከሩቅ ይታየኛል። ጽጌ በወደቀች ቁጥር ሁላችንም የመረመርነው እሷን ነበር፦ እንቅልፏን፣ ጾሟን፣ እምነቷን፣ የምትሠራበትን እሳት። የምንወዳት ሰዎች ነበርን፤ ስለዚህ አጥብቀን መረመርናት። ክኒኑን ለመጠርጠር ግን አንድን የምናከብረውን ሰው፣ ከሱም አልፎ ትተነው የመጣነውን አገር መጠርጠር ነበረብን፤ እሱ ከበሽታዋ ይልቅ ከበደን። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም፤ ለፈተናም አይጠይቁበትም።

ጽጌ ዛሬ ገዳሪፍ ናት፤ የራሷ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እንድጽፍ እንድትፈቅድልኝ ደወልኩላት። ግርማ ከኋላ ስለ ቲማቲም ዋጋ ከአንድ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማኛል። «ጻፊው፣ ምን ቸገረኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «ሰው ሲያነበው አሁንም የምወድቅ ይመስለዋል። ቀኑን ጻፊልኝ፤ መጨረሻ ላይ፣ በደንብ» አለችኝ።

ጽጌ ለመጨረሻ ጊዜ የወደቀችው ረቡዕ ነሐሴ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።